የድምፅ መልክ

በፕሮጀክተር የሚታየው የዶክተር ሀይደር ፊት አፉን እንደከፈተ ግድግዳው ላይ ደርቆ ይቀራል። ቲቸር አጸደ ላፕቶፑን ትነካካለች፤ ኢንተርኔት የምትሰጠውን ስልኳን ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፤ ፊቱ አይንቀሳቀስም። ዝናቡም የሚዛን ከተማ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ አንዴ ከወረደ እንኳን አዲስ አበባ ያለ ሰው አጠገብ የተቀመጠ ጓደኛም አይሰማም። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ።

ሆሳዕና ከፊተኛው ዴስክ ዞር ብላ ታያቸዋለች። እሷ ዝናቡን የምታውቀው በዴስኩ ንዝረት ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ማጅራት ገትር ታማ ከተነሣች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። ዛሬ ግን ክፍሉ በሙሉ እንደ እሷ ሆኗል።

ቲቸር አጸደ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ትጽፋለች፦ «በቴሌግራም እንቀጥላለን። ጥያቄ ያለው መጥቶ ይጻፍ።»

የሌሊት ወፍ ተመራማሪውን ዶክተር ሀይደርን ፈልጋ ያገኘችው ቲቸር አጸደ ናት። ኮርኒሱ ውስጥ የሰፈሩት የሌሊት ወፎች በጭስ ይባረሩ ወይስ ይተዉ እያለ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ሲሰነብት፣ «ከምንጣላ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አለች።

የጭሱ ወገን መሪ አልአዛር ቀድሞ ተነሥቶ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጣል። በአጎቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሚውል በአማርኛ መተየብ ላይ ማንም አይደርስበትም።

«በጭስ ብናባርራቸውስ?»

የዶክተሩ መልስ ግድግዳው ላይ ይወጣል፦ «አባርሯቸው። ከዚያ ትንኙን እናንተው እየያዛችሁ ትበላላችሁ።»

አልአዛር ራሱ ይሥቃል። ይቀጥላል።

«ዕውር ናቸው የሚባለው እውነት ነው?»

«አይደለም፤ ዓይን አላቸው። በጨለማ ግን የሚመሩት በድምፃቸው ነው። ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ ከግድግዳው፣ ከቅጠሉ፣ ከትንኙ ነጥሮ ሲመለስ ምን የት እንዳለ ያውቃሉ።»

«ታዲያ ለምን አንሰማቸውም?»

«ድምፃቸው በጣም ቀጭን ነው። እናንተ ጋ ያሉትን ትንንሾቹን የሰው ጆሮ አይሰማቸውም። የማንም ሰው።»

ሆሳዕና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ደግማ ታነባለች።

በክፍል ውስጥ መጠየቅ ያቆመችው ጥያቄ አጥታ አይደለም፤ መልሱ ስለማይደርሳት ነው። መምህራኑ ወደ ሰሌዳው ዞረው ይናገራሉ። ከጎኗ የሚቀመጠው ይትባረክ አሳጥሮ ይጽፍላታል፤ እሱም ሰው ነውና ሲደክመው ይተወዋል። አሁን ግን የተባለው ሁሉ፣ የትንኙ ቀልድ እንኳ ሳይቀር፣ ፊት ለፊቷ ተጽፏል።

ትነሣለች። አልአዛር ግራ ተጋብቶ ወንበሩን ይለቅላታል። በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ ትተይባለች።

«ማንም ካልሰማቸው መጮኻቸውን በምን አወቃችሁ?»

ከኋላ የሚሥቁ ፊቶች ታያለች። ወዲያው ሣቁ ከፊታቸው ይጠፋል፤ ለካ መልሱን የሚያውቅ የለም። ቲቸር አጸደም ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች።

ሰውየው እየጻፈ መሆኑን የሚያሳዩት ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደገና ብቅ ይላሉ።

«ይህን የጠየቀው ማነው?»

«ሆሳዕና።»

«ሆሳዕና፣ እኔም ሰምቻቸው አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፃቸውን ያጠናሁት በዓይኔ ነው። ድምፅን ወደ ሥዕል የሚለውጥ መሣሪያ አለን። ቆዪ፣ ልላክልሽ።»

ሥዕሉ ቀስ እያለ ይከፈታል። መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነው፤ ኋላ ጥቁር መደብ ላይ የተደረደሩ የሚያበሩ ማጭዶች ይሆናል። «እያንዳንዱ ማጭድ አንድ ጩኸት ነው» ይላል ጽሑፉ። «ወደ ላይ የወጣው ቀጭን ድምፅ፣ ወደ ታች የወረደው ወፍራም።»

ጣቷ አሁን ፈጥኗል። «የሰውስ ድምፅ ይሣላል?»

«እንዴታ! ቅረጹና ላኩልኝ።»

እጆች ከየዴስኩ ይወጣሉ። ቲቸር አጸደ ወደ እሷ ዞራ ከንፈሯ እንዲነበብ በዝግታ ትጠይቃታለች፦ «ምን ይባል?»

ሆሳዕና ደረቷን በጣቷ ትነካለች።

ይትባረክ የዝናቡ ድምፅ እንዳይገባበት ጃኬቱን ራሱ ላይ ይከናነባል፤ የቲቸር አጸደን ስልክ ይዞ እዚያው ውስጥ ስሟን ይጠራል። ቅጂውን ይልኩታል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሥዕል ግድግዳው ላይ ይወጣል።

«ታች የተነባበሩት መስመሮች ‹ሆ› እና ‹ና› ናቸው» ይላል ዶክተር ሀይደር። «መሃል ላይ እንደ ጭጋግ ከፍ ያለው ‹ሳ› ነው፤ ፉጨት አለው። ዙሪያውን እንደ አሸዋ የተነሰነሰው ደግሞ ዝናባችሁ ነው።»

እናቷ ቡናው መሃል ሆና ስትጠራት ይታወሳታል። ከጥሪው የቀራት የእናቷ አፍ አከፋፈት ብቻ ነው። ‹ሳ› ፉጨት እንዳለው ረስታዋለች።

እጇን ወደ ስልኩ ትዘረጋለች። ይትባረክ ያመነታል፤ ስትናገር የሰው ፊት ሲለዋወጥ እያየች ድምፅዋን ከደበቀች መቆየቷን ያውቃል። ከዚያ ስልኩንም ጃኬቱንም ይሰጣታል።

ጃኬቱ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ይሞቃል። ግራ እጇን ጉሮሮዋ ላይ ታደርጋለች። ስሟን ስትጠራ መዳፏ ሥር የሆነ ነገር ይርገበገባል።

ስትገለጥ ወደ እሷ የሚያይ የለም። ሁሉም ግድግዳውን ያያል።

የእሷ ድምፅ ሥዕል ይመጣል፤ ብዥታው እየጠራ ይሄዳል። የእሷ መስመሮች ከይትባረክ መስመሮች ይሰፋሉ፤ ይዋዥቃሉ። ወደ ግድግዳው ስትሄድ ጥላዋ ሥዕሉን ይሸፍነዋል፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ትልና መሃሉ ላይ ‹ሳ›ን በዓይኗ ትፈልጋለች።

ጭጋጉ አለ። ስስ ነው፤ ግን አለ።