አንበሳ ልይ ያሉት አባት

«አንበሳ?»

«አዎ፣ አንበሳ።»

«አባዬ… በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሃል?»

ልጁ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ነው የጠየቀው። የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው። እህቱ ጥርስ ሐኪም ናት። ሁለቱም ከየሚኖሩበት ከተማ አባታቸው ቤት ለእረፍት መጥተዋል።

እረፍት እንበለው እንግዲህ…

ጠዋት የታመመች አክስት መጠየቅ፣ ከሰዓት የመንጃ ፈቃድ እድሳት፣ ማታ የጓደኛ ግብዣ።

ሻንጣው ገና አልተፈታም። ሳሎኑ ውስጥ ቻርጀር ያልተሰካበት ሶኬት የለም።

እና አባትየው ፓርክ ሄደን አንበሳ እንይ ይላሉ።

ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። እንስሳ ወድደው አያውቁም። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ መንገድ ይቀይራሉ።

«አንተ እኮ ድመት እንኳ ትፈራለህ!» አለች ልጃቸው እየሳቀች።

«ድመት ትልከሰከሳለች። አንበሳ ኩሩ ነው።»

ልጁ መላ አመጣ።

«እሺ… እዚሁ ከተማ ውስጥ በአጥር የታጠሩት አሉ አይደል? ግማሽ ሰዓት ይበቃናል።»

«እሱ አይሆንም። እዚያ በእግር ነው የሚኬደው።»

«እግርህን ያምሃል እንዴ?»

«እግሬ ደህና ነው።»

«እንግዲያው መኪና ከነሹፌሩ ልከራይልህና አንተ ሂድ። እኛ ጉዳያችንን ጨርሰን እንጠብቅሃለን።»

አባትየው ተነሱ።

«ሦስታችንም በአንድ መኪና። ካልሆነ ይቅር።»

መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ሳሎን ውስጥ ክርክሩ ቀጠለ…

«ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው» አለ ልጁ።

«አሞትስ ቢሆን? ሰው ሲታመም ያላየውን ልይ ይላል።»

«ኧረ አታሟርቺ! መንገዱ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ? ነገ ማታ ከኮንትራክተሩ ጋር እራት አለኝ። ሰውዬውን ስንት ወር ሙሉ ደጅ ስጠናው ነው የከረምኩት!»

እሷ ግን አላስቻላትም። ሄዳ የአባቷን በር አንኳኳች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠርጋሉ።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሐኪም ያለህ ነገር አለ?»

«ምን ይለኛል?»

«ታዲያ አንበሳው ምንድን ነው?»

ጫማውን አስቀመጡት።

«ዕድሜዬን በሙሉ ከኋላዬ ስሰማ የኖርኩት አንድ ነገር ነው… ወራጅ አለ! አንዱ ሲገባ ሌላው ይወርዳል። አልከፋኝም፣ ሥራዬ ነው።»

«እሺ…»

«አሁን ቤቴ ታክሲ ሆነ። ከመጣችሁ ጀምሮ አብረን ጀምረን አብረን የጨረስነው ምሳ የለም። ስልክ ይጮኻል… እሱ ይወርዳል። እሱ ሲመለስ አንቺ ትወርጃለሽ።»

ልጅቷ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«እናታችሁን የቀበርን ቀን እንኳ… በየመኪናችን ነው የሄድነው።»

እጇ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

«ጎረቤታችን ፓርክ ሄዶ ሲመጣ አጫወተኝ። ስለ ዝሆን አወራ፣ ስለ ቀጭኔ አወራ… እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። ኔትወርክም የለም።»

«እና አንበሳው…»

«አንበሳው ረዳቴ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «በሩን ይዝጋልኝ ብዬ ነው።»

ሳሎን ተመልሳ ለወንድሟ ነገረችው። መሳቅ ጀመረ…

መሃል ላይ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ወጡ። ልጁ እየነዳ፣ እህቱ ከጎኑ።

አባትየው ኋላ። «ፊት መቀመጥ ጠግቤያለሁ» አሉ።

ፓርኩ በር ላይ ጠባቂው ጎንበስ ብሎ አያቸውና «መውረድ የለም!» አለ። አባትየው እንደ ሕፃን ልጅ ሳቁ።

ኔትወርክ ጠፋ። ልጁ ስልኩን ወደ ጣሪያው አነሳው… በመስኮት አወጣው… በመጨረሻ ኪሱ ከተተው።

እስከ ከሰዓት ያዩት ጅራቱን ቀጥ አድርጎ የሚሮጥ አንድ ከርከሮ ነው።

«አንቴናውን አቁሟል» አሉ አባትየው። «እሱም እንዳንተ ኔትወርክ አጥቶ ነው።»

ከዚያ ወሬው መጣ።

እናታቸው የዘፈን ግጥም እንዴት እንደምታበላሽ። ስትቆጣ የሁለቱን ስም አቀያይራ እንደምትጠራ። በቀብሯ ቀን ማንም ያላወራው ሁሉ።

ልጅቷ አለቀሰች። ወንድሟ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይወጣ ነበር። መኪናው ውስጥ ሌላ ክፍል የለም።

እጇን ያዘ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ መውጫው ዞሩ። የኮንትራክተሩ እራት ሰዓት ደርሷል። ልጁ ፍጥነት ጨመረ…

ድንገት ፍሬን ያዘ።

መንገዱ መሃል አንበሳ ተኝቷል። ጎፈሩ አቧራ የጠጣ፣ ግዙፍ፣ እውነተኛ አንበሳ።

የልጁ እጅ ክላክሱ ላይ ደረሰ።

እህቱ ወደ ኋላ ዞረች። አባትየው መስኮቱን ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«ልቀስቅሰው? አንበሳውን ሳያየው ሊቀር ነው!»

ልጁ በመስታወቱ አባቱን አየ። ሰዓቱን አየ።

እጁን ከክላክሱ አነሳ። ሞተሩን አጠፋ።

«ተይው ይተኛ» አለ። «እሱ ለአንበሳ አልመጣም።»

ወዳጆቼ…

ብዙ ወላጅ «ናፈቃችሁኝ» ማለት ያፍራል። አጠገቡ ቁጭ ብለን ስንናፍቀው ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ሌላ ነገር ይጠይቃል… ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ስልኩ አልሠራ አለኝ፣ አንበሳ ልይ።

እኛም ቧንቧ ሠሪ ልከን፣ አዲስ ስልክ ገዝተን «ተፈጸመ» እንላለን።

ጊዜ የለንም ከማለታችን በፊት ምን እንደተጠየቅን እንወቅ።

እስቲ ንገሩኝ… እናታችሁ ወይም አባታችሁ በቅርቡ የጠየቋችሁ ነገር ምን ነበር? እውነት የፈለጉትስ እሱን ነው?