አሥራ አንደኛው ቦታ

«የተከለለውን የጓሳ ሣር ማን አጨደ?» አለ ሚሊሻው አለንጋውን እየፈታ። አሥራ ሁለት ወንዶች ጀርባቸውን ተራቁተው ተሰልፈዋል። «መጀመሪያ በየሁለተኛው፣ ቀጥሎ በየሦስተኛው፣ ከዚያ በየአራተኛው እያልኩ እገርፋለሁ። ሌባው እስኪናዘዝ አላቆምም!»

ከተሰለፉት የአንዱ እናት ከዳር ሆና ቆጠረች። ከሳንባ በሽታ ገና ያገገመው ልጇ መጨረሻ ላይ፣ አሥራ ሁለተኛ ቆሟል። በጎልማሶች ትምህርት ባቄላ እየደረደረች የተማረችው ትዝ አላት። አሥራ ሁለት በሁለትም፣ በሦስትም፣ በአራትም፣ በስድስትም ይከፈላል። አሥራ አንድ ግን በአንዳቸውም እኩል አይከፈልም።

«በማርያም፣ ውሃ ላጠጣው» ብላ ገባች። እያጠጣችው በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከጎኑ ካለው ሰው አስቀደመችው። የማንን ቦታ እንደወሰደች ግን ቀና ብላ አላየችም።

አለንጋው ሦስት ዙር ሄደ፤ ልጇን አንዴም አልነካውም። አሥራ ሁለተኛው ሰው ላይ ግን በሦስቱም ዙር አረፈ፤ ደሙ እስከ ሱሪው ወረደ። ያኔ ቀና አለች። ባቄላውን ያስቆጠራት አስተማሪዋ ነበር።

«አበጁ፣ እትዬ» አላት ጥርሱን ነክሶ። «በየስድስተኛው ገና ይቀራል።»