ማዕዘን የሌለው ጓሮ

ጃኒን የእናቷን ጓሮ ማፍረስ የጀመረችው ሰኞ ጠዋት ነው።

"ማፍረስ አትበይው፣ እማዬ። ትንሽ ላለሰልሰው ነው። አባዬ ሁሉንም በገመድ ለክቶ የሠራው እኮ ጓሮ ሳይሆን የጦር ሰፈር ነው።"

መርል በልቧ አጉረመረመች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። ሟቹ ባሏ ክላይቭ ሲሚንቶ የሚወድ ሰው ነበር። ከኩሽናው በር ሦስት ደረጃ፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ቀጥ ያለ መንገድ፣ መጨረሻው ላይ የሚሽከረከረው የልብስ ማስጫ። መርል ይህን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። አሁን ደረጃው በመዶሻ እየተፈረካከሰ ነው።

ማክሰኞ ጎረቤቷ ታሶስ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ።

"መርል! ቤቱን ልትሸጡት ነው እንዴ?"

"ማን እንዲህ አለህ?"

"ማን ይበለኝ? ወንድሜን ልጆቹ እንዲሁ አይደል የሠሩት! መጀመሪያ ጓሮውን አሳመሩለት። ከዚያ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተከሉ። ቅዳሜ ጨረታ ወጣ፣ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ይኸው ዛሬ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ ጄሊ በማንኪያ ያጎርሱታል።"

"የኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም።"

"እሱም እንደዚህ ነበር የሚለው፣ የኔ እመቤት።"

መርል ሳቀችበት፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ማሰብ ጀመረች። አርባ ዓመት ከኖረችበት ቤት ወጥታ የት ትገባለች? ማቆያ ከምትገባ ሞቷን ትመርጣለች።

ረቡዕ አንድ ድምፁ ጎርናና ሰው መጣ። የሜትር ገመዱ በየበሩ ሲዘረጋና ሲጠቀለል መርል ከመኝታ ቤቷ ሆና አዳመጠች።

"ለቅዳሜ ይደርሳል?" ጃኒን ናት፣ በሹክሹክታ።

"ይደርሳል።"

"እስኪያልቅ እንዳትሰማ፣ አደራ። ከሰማች እሪ ብላ ሰፈሩን ነው የምታነሣው።"

ያን ቀን መርል ምሳዋን አልበላችም።

ሐሙስ ጃኒን ወረቀት አመጣችላት። "እዚህች ጋ ፈርሚልኝ፣ እማዬ።"

"መነጽሬን ላግኝና።"

"እሺ። ይልቅ አበቦቹን እንዴት አገኘሻቸው? የትኛውን ወደድሽ?"

"ሁሉም ያምራሉ" አለች መርል ፈጠን ብላ።

ጃኒን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የእናቷን ትከሻ ዳሰስ አድርጋ ወጣች። መርል ወረቀቱን አጣጥፋ ፍራሹ ሥር ሸጎጠችው።

ቅዳሜ ማለዳ እንጨት ወደ መሬት ሲቸነከር ሰማች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምት። ሰሌዳው! ደሟ ፈላ። በነጠላ ጫማዋ በኩሽናው በር ወጣች።

"ንቀሉት! ሰማችሁ? ንቀሉት! ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው!"

መዶሻው ቆመ። መርል በልማዷ የመጀመሪያውን ደረጃ በእግሯ ፈለገች፤ የለም። ከእግሯ ሥር ያለው መሬት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ጃኒን ሮጣ መጣች። የእናቷን እጅ ይዛ ተልጎ የለሰለሰ ረጅም እንጨት ላይ አሳረፈችው።

"መደገፊያ ነው፣ እማዬ፤ እሱን ይዘሽ ሂጂ፣ የጥብስ ቅጠል ሲሸትሽ ታጠፊ፣ ናና ሲሸትሽ ማስጫው ጋ ደርሰሻል፤ ማየት ካቆምሽ ዓመት እንዳለፈሽ አውቃለሁ፣ የሐሙሱም ወረቀት ለዚሁ ሥራ ነው፤ ከቤትሽ ግን ማንም አያስወጣሽም።"