የግቢው ቁልፍ

የግቢው ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ እንደሌለ ያየሁት ስሞታዬን ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ለአከራያችን ለእማማ ተዋበች ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ጎረቤቴ ዳምጠው ሰክሮ ሲመጣ መሳደቡን፣ ሙዚቃ ማስጮኹን፣ ይልቁንም ልጄ ቤዛ ከማታ ትምህርት ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍ ማለቱን።

«ለእሱማ መላ አግኝቼለታለሁ» አሉኝ። «ሰው ኃላፊነት ሲሰጡት ይሰበሰባል። ከዛሬ ጀምሮ የግቢውን በር የሚቆልፈው እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ እየጠጣ ማምሸቱም ይቀራል።»

«ቤዛ እኮ የምትገባው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ እማማ።»

«ታንኳኳ፤ ከፍቶ ያስገባታል። አንቺ ደግሞ ስጋት ታበዣለሽ።»

ሰዓቱ ሲቃረብ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ዳምጠው በሩ ሥር ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ዛሬ አልሰከረም።

«መንገድ ወጥቼ ልጄን ልቀበል ነው» አልኩት።

«ይግቡ እናቴ፣ ይበርድዎታል» አለኝ፤ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። «እሷን እኔ እቀበላታለሁ።»

ተነስቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።