የጉማሬ ጥርስ

ፀሐይ ሳትበረታ ሥራ የጀመረችው ሴት እስካሁን አልተቀመጠችም። የሟች ባሏ የፋይበርግላስ ጀልባ ጣና ዳር ተደፍታለች፤ እሷ የብረት መፋቂያ ይዛ ከጀልባዋ ሆድ ላይ የአምናውን ሰማያዊ ቀለም ትልጣለች።

የባሏ ሚዜ ይስማው አሁንም ተመልሶ መጣ።

«ተይው ብዬሻለሁ! አዲሱን ቀለም ከላይ ደርቢበት። ገዢ እንደሆነ ገልብጦ አያይ!»

«አሮጌው ካልተነሳ አዲሱ አይዝም» አለችው፣ እጇን ሳታሳርፍ።

ባሏ የሰጠመ ቀን ጀልባዋ ላይ አብሮት የነበረው ይስማው ብቻ ነው። «ጉማሬ ነክሶ ቀደዳት፤ ውኃ ሞላን» ብሎ ለለቀስተኛው ሁሉ የተናገረው እሱ ነው። ቀዳዳውን በእጄ ደፈንኩት ብሎ፣ አርባው ሳይወጣ ቀለም የቀባትም እሱ።

ይስማው ተቀመጠ፤ ወዲያው ተነሳ። ድንጋይ አንስቶ ወደ ውኃው ወረወረ። እሷ የቀረችውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋ ጨረሰችና መዳፏን ከጀልባዋ ጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደችው። ነጩ ፋይበርግላስ እንደተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነበር። ጠባሳ የለው፣ የተደፈነ ቀዳዳ የለው።

«ይስማው» አለችው፣ መፋቂያውን መልሳ እያነሳች። «እስቲ ና፣ የደፈንክበትን አሳየኝ።»

ይስማው መጀመሪያ መፋቂያውን አየ፤ ቀጥሎ መንገዱን።