ጭሱ ከቀረ ወዲህ

ብሎኗ ከወረንጦው ጫፍ አምልጣ ጠረጴዛው ላይ ነጠር አለችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ የገዛ እጁን እንደ ባዕድ እጅ አየው። ጣቶቹ ይርገበገባሉ።

"ተዪያት፣ አትፈልጊያት" አለ ጎንበስ ላለችው ሚስቱ። "ብታገኚያትስ ማን ሊያጠብቃት ነው?"

እሷ ግን ወለሉን በመዳፏ መዳበሷን ቀጠለች። ብሎኗ ሰበብ ናት፤ ፊቷን እንዳያይባት ነው። ሰሞኑን ሲገላበጥ እያዳመጠች ነው የምታነጋው። ልቤ ይደልቃል ይላታል። ሐኪም ቤት ይዛው ሄዳ "ልባቸው ደህና ነው" ተብላ ብትመለስም፣ የእሷ ልብ አላመነም።

"በሽታዬን እኔ አውቀዋለሁ" አለ። "ሳጨስ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እጄ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ይኸው ሲጋራውን ካቆምኩ ወዲህ! አንዲት ብቻ ልለኩስ። ለሥራው ስል።"

"አንዲት ብቻ ያለ ሁሉ ፓኮውን ይጨርሳል!" ብድግ አለች። "ረሳኸው እንዴ፣ ደረጃ ስትወጣ እንደ አሮጌ መኪና ስታለከልክ? ልትሞትብኝ ነው ብዬ አይደል እግርህ ላይ የወደቅኩት?"

"ታዲያ ሥራ ፈትቼ ልሙት? የጋሽ ደቂቃ እጅ ተንቀጠቀጠ ከተባለ ማን ሰዓቱን አምኖ ይሰጠኛል?" የሰፈሩ ሰው ጋሽ ደቂቃ የሚለው፣ የመጣለትን ሥራ ሁሉ "ደቂቃ አይፈጅም" እያለ ስለሚቀበል ነው። ኮቱን ደረበ። ሲጋራ የሚሸጠው ኪዮስክ ከመንገዱ ማዶ ነው።

በሩ ላይ ተገተረች። ገፍቶ ቢወጣ እንደማታስቆመው ታውቃለች። ስለዚህ የዘወትር የከሰዓት ቡናውን ከፔርሙሱ ቀዳችለት። "እንካ፣ ይቺን ጠጣና ይለፍልህ።"

በዚህ መሃል ከጎናቸው ካለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷ ገባች። የሰዓቷን ማሰሪያ ልታስቀይር ነው የመጣችው። ስኒውን አየች፤ የሚንቀጠቀጠውንም እጅ አየች።

"ጋሼ፣ ቡና አበዙ እንዴ?"

"ኧረ ወዲያ! ያው የድሮዬ ነው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ምስክሬ እሷ ናት።"

"እኔው ነኝ የማፈላለት፣ ልጄ" አለች ሚስቱ፣ የተከሰሰች ያህል ደንግጣ። "ሲጋራውን ስለተወልኝ፣ ቡናው እንኳ አይጉደልበት ብዬ…"

"ሲጋራ አቆሙ? እሰይ!" ፋርማሲስቷ ሳቀች። "እንግዲያ ነገሩ ገባኝ። ቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃ ነገር እንደ መድኃኒት ነው፤ ጉበት ሰባብሮ ካልሸኘው ከሰውነት አይወጣም። የሲጋራ ጭስ ደግሞ ጉበትን ያጣድፈዋል፣ ቡናውን ቶሎ ቶሎ ያስፈጨዋል። ጭሱ ሲቀር ጉበትዎ ወደ ራሱ እርምጃ ተመለሰ። ያው የድሮው ቡና አሁን ደምዎ ውስጥ እጥፍ ያህል ይቆያል። የጠዋቱ ሳይወጣ የከሰዓቱ ይደረብበታል።"

"እኔ ጡረታ ሳልወጣ ጉበቴ ቀደመኝ በይኛ!"

"ጡረታ አልወጣም፤ አለንጋው ቀረለት እንጂ።"

ሽማግሌው በዓይኑ ጥግ ወደ ማዶ አየ። "ታዲያ አንዲት ባጨስ ይሄ እጅ አይረጋም?"

ሚስቱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

"ጋሼ! ጣራ አፈሰሰ ተብሎ ቤት ይፈርሳል? ቡናውን በግማሽ ይቀንሱት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ይቅር። በጥቂት ቀን ካልተሻለዎ ሐኪሙ ጋ ይመለሱ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ማጨስ ማቆምዎን ይንገሩት። ማሰሪያዬ አያስቸኩልም፤ እጅዎ ሲረጋ ይሠሩልኛል።"

ፋርማሲስቷ ስትወጣ ሽማግሌው ስኒውን ወደ ሚስቱ ገፋ አደረገው። "ሰማሽ? ስትመርዢኝ ከርመሻል።"

"ውይ፣ እኔን አፈር ይብላኝ!"

"ቀልዴን ነው፣ ሞኚት።" ኮቱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለውና ቁጭ አለ።

አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን እንደተያዘች ጫጩት በሁለት መዳፏ መሃል አቅፋ ያዘችው። አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ እሷን ግን ማስፈራራቱን ትቷል። ወደ ጉንጯ አስጠጋችው። ሳሙና ይሸታል፣ የሰዓት ዘይት ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ጭሱ ሸፍኖት ስለኖረ አብራው አርጅታ የማታውቀው አንድ ሽታ አለ፤ የራሱ የሰውዬው።

"ምን ታሸቺኛለሽ?"

"ዝም በል" አለችና ዓይኗን ጨፍና ሽታውን እንደገና ሳበችው።