የመጨረሻው ረድፍ

ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ከሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ላይ አላነሳም። ወረቀቱ፣ የድርጅቱን ዳታቤዝ ለአሥራ ስድስት ዓመት የያዘችው ባለሙያ መረጃን በኢንተርኔት የሚያስቀምጡ ሦስት የክላውድ አገልግሎቶችን ያወዳደረችበት ነበር። ስለ ፍጥነትና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የተጨነቀችበትን ገጽ ዞር ብሎም አላየው። «ቋሚ ባለሙያ ይፈልጋል?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት፣ በአንደኛው አገልግሎት ሥር፣ በራሷ እጅ «አይፈልግም» ብላ ጽፋለች።

«እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ። ይሄኛው ይሁን» አለ። «ዳታቤዙን ወደዚያ ማዛወሩ ሠላሳ ቀን ይፈጃል ብለሻል። እስከዚያ አብረን ነን፤ ከዚያ በኋላ እንግዲህ… ይገባሻል።»

ገባት። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የሰርቨር ክፍል ቁልፍ ጨበጥ አደረገች። ከዚያ ዓይኗ ቁጥሩ ላይ አረፈና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ተሳስቻለሁ» አለች፣ ሠላሳውን በእስክሪብቶ እየሰረዘች። «የሙከራውን ጊዜ ሁለቴ ደምሬዋለሁ። ሃያ ቀን ይበቃል።»